ለጓደኛ የተቀነሰ የልብ ምት

ልብስ ሰፊዋ ውሸታም አይደለችም። ዋሸች ከተባለም የሙያዋን ውሸት ነው፤ ገና መቀስ ያልነካውን ጨርቅ «እጅጌው ብቻ ነው የቀረው» ማለት፣ ደንበኛውም እሷም እያወቁ የሚተላለፉት ዓይነት። ያን ዕለት ማለዳ ግን የጋጋሪዋን እጅ አንጓ ይዛ መቶ ሃምሳ ሁለት የልብ ምት ቆጠረችና ቀና ብላ «መቶ ስምንት!» ስትል ጮኸች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። አራት ወር የተለመደ ነገር ምን ያንቀጠቅጣል?

ይህን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድባት አይጠፋምና ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይሻላል።

ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል፤ የወለዷቸው ልጆች እንኳ ሲቸኩሉ «እማዬ» ማለት ትተው «ሲስተር» ይሏቸዋል። አርባ ዓመት ሰው ሲያስታምሙ ኖረው ቤት መቀመጥ ቢያቅታቸው፣ በየቤቱ ተጎልቶ የሚቆዝመውን ለቃቅመው በየማለዳው አሮጌው ኳስ ሜዳ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ከእሳቸው ሌላ ስምንት ሰው ሆነ። የተመልካቹ መቀመጫ ስልሳ አራት እርከን አለው፤ እሱን ወጥተው ይወርዳሉ፣ ሁለት ደቂቃ ያርፋሉ፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን እጅ አንጓ ይይዛል። ሲስተር ሰዓታቸውን እያዩ «ጀምሩ!» ይላሉ፤ ደቂቃዋ ስትሞላ «በቃ!»። ሁሉም የጓደኛውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሲስተር በደብተራቸው ይጽፋሉ።

ሕጋቸው ጥብቅ ነው። አርፎ ከመቶ ሃያ በላይ የመታ ሰው ሁለተኛውን ዙር አይወጣም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሌላውን ያያል። በአንድ ሳምንት ሦስቴ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ደግሞ የሐኪም ወረቀት ሳይዝ ሜዳው ላይ ዝር አይልም።

«የራሱን የሚቆጥር የለም» ይሉ ነበር ሲስተር። «ሰው ለራሱ ይዋሻል። በጓደኛው ሕይወት ግን አይቀልድም።»

እዚህ ላይ ተሳስተዋል። ሰው ለራሱ ከሚዋሸው ይልቅ ለሚወደው የሚዋሸው እንደሚበልጥ፣ ያን ሁሉ ዘመን በሽተኛ ከነአስታማሚው ሲያዩ የኖሩ ሴትዮ እንዴት እንዳልገባቸው እንጃ።

ሰፊዋ ወደ ሜዳው ከመምጣቷ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በሰው ሱቅ የኋላ ክፍል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ የሌላ ሰው ስም የሚለጠፍበት ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። አንገቷ ወደ ፊት ደፋ ብሎ ቀርቶ ነበር። አንዳንድ ቀን ከመኪናው ድምፅ በቀር ምንም ሳትሰማ ይመሻል። የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ እርከን ወጥታ ተቀምጣ አለቀሰች። ጥንዷ ሆና የተመደበችው ዳቦ ጋጋሪ፣ ወገበ ሰፊ፣ ክንደ ዱቄት፣ አፈኛ ሴትዮ፣ አጠገቧ ቁጭ አለችና «አንቺ ልጅ፣ ሊጥ እንኳ ለመነሣት ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜው ሲደርስ ግን ይነሣል» አለቻት። በስድስተኛው ወር ሰፊዋ ስልሳ አራቱንም ያለ ማረፍ ወጣች።

ሜዳው እግር ብቻ አላፈታም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲስተር እያንዳንዱን «ዓመታት ሙሉ የፈራኸው ነገር ምንድን ነው?» ብለው ያፋጥጡታል፤ የተናገረው ነገር ከዚያ በኋላ የሁሉም ሥራ ይሆናል። ሰፊዋ «የራሴ ሱቅ» አለች፣ ያውም አፏን በእጇ ሸፍና። ከማለዳው ጓደኞቿ አውቶቡስ ሹፌሩ ክፍል ፈለገላት፣ መምህሩ ምልክቱን ጻፈላት፣ ፀጉር ሠሪዋ ደንበኞቿን ራሳቸው እርጥብ እያለ እየገፋች ላከችላት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በወሬ ብቻ ይመስላት ነበር። ጋጋሪዋም በተራዋ፣ በሃምሳ አምስት ዓመቷ ማንበብ እንደማትችል ተናገረች። መምህሩ አስተማራት። አንድ ቅዳሜ እርከኑ ላይ ቆማ አንድ ገጽ ሙሉ ስታነብ ከሹፌሩ በስተቀር ያላለቀሰ አልነበረም። እሱም «ብናኝ ገብቶብኝ ነው» አለ እንጂ ዓይኑን ጠርጓል።

እንግዲህ የጋጋሪዋ ቁጥር መጀመሪያ መቶ ሃያን ሲያልፍ ሰፊዋ ምን ታድርግ? ጋጋሪዋ ጆሮዋ ሥር ገብታ «አግዳሚ ላይ አታስጎልቺኝ፣ የኔ እህት። ከምድጃው ፊት ዞር የምለው ለዚህች አንድ ሰዓት ነው» አለቻት። አንጀቷን በላችው። የዚያን ቀን አሥር ቀነሰችላት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሰፊዋ ውሸት ግን እያደር ከበደ። ከአሥር ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ ሠላሳ፣ ያን ዕለት ማለዳ አርባ አራት ደረሰ።

«ሁለተኛ ዙር!» አሉ ሲስተር።

ጋጋሪዋ ከፊት ትወጣለች፣ ሰፊዋ ከኋላዋ። ጋጋሪዋ እንደ ልማዷ ታወራለች፤ ዳቦው አንሷል ብሎ ማስመሪያ ይዞ ስለመጣ ደንበኛ። «እኔም አልኩት፣ ወንድሜ፣ ዳቦውን ትተህ ሆድህን ለካው...» ብላ ወሬውን እመሃል አቋረጠች።

ጋጋሪዋ ወሬ አቋርጣ አታውቅም። ሰፊዋ ቀና ስትል እጇ የሌለ ድጋፍ ሲፈልግ አየች። ከዚያ ያ ትልቅ ገላ ወደ ጎን ተደፋ፣ ግንባሯ የእርከኑን ጠርዝ መታው። የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ ሰፊዋን ክው ያደረጋትም ትንሽነቱ ነው። የጮኸችው ፀጉር ሠሪዋ ናት።

ሹፌሩና ከስምንቱ የቀሩት ሁለት እንጨት ሠሪ ወንድማማቾች ተሸክመው አወረዷት። ተሳፋሪ ልትጭን ሜዳው አጠገብ የቆመችው የሹፌሩ አውቶቡስ የዚያን ቀን የጫነችው ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው፤ አንዷ የተጋደመች፣ ስምንቱ እንደ ድንጋይ የደረቁ። ፌርማታ ላይ የቆሙ ሰዎች እጃቸውን እያወናጨፉ ሲሳደቡ ታለፉ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ጋጋሪዋ ነቅታለች። እንዲያውም ሽርጧን ትጠይቃለች። ግንባሯን ሰፉላት፣ ደሟን ወሰዱ፣ ደረቷ ላይ ሽቦ ለጥፈው የልቧን ምት በወረቀት አወጡ። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ብቅ አለ። ባልየው ከዳቦ ቤቱ በሩጫ ደርሶ፣ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«አሁን ልቧ ደህና ይመታል» አለ ሐኪሙ። «ከዚህ በፊት ያልተለመደ ፍጥነት ነበራት?»

ሲስተር ይህን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ደብተራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። «ልጄ፣ የአሥር ወር አለልህ። ቀን በቀን።»

ሐኪሙ ገጹን ገለጠ፣ ደግሞ ገለጠ። «እንዲህ ያለ መዝገብ በሥራዬ አይቼ አላውቅም» አለ፣ ከልቡ ተገርሞ። «መቶ አራት፣ መቶ ስምንት፣ መቶ ሁለት... እንዲህማ ከሆነ ልብ አይደለም። ባዶ ሆዷን ነው፣ የምድጃ ሙቀትም አለ፣ ድካም ነው። ዛሬውኑ ቤቷ ትገባለች።»

«ተመስገን!» አለ ባልየው። «የተቦካ ሊጥ ጥለን ነው የመጣነው፤ ለማታው ትደርሳለች።»

ሰፊዋ ሐኪሙ የገለጠውን ገጽ አየች። ሐኪሙ አምኖ የቆመበት ቁጥር እሷ ከአፏ ያወጣችው ነው። በእሷ ውሸት ጋጋሪዋ ወደ ምድጃው ትመለሳለች፣ ነገ ማለዳም ወደ እርከኑ። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ደግሞ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሲስተር ዓይኗን አያዩትም፣ ባልየው ይረግማታል፣ ያቺ አፈኛ ሴትዮም ታዝንባታለች። ሱቋን የሰጣት ሜዳ ይዘጋባታል። ይህን ሁሉ አሰበችና ላለመናገር ወሰነች። አፏ ግን ተናገረ።

«ውሸት ነው» አለች።

ሁሉም ዞረ።

«ዛሬ መቶ ሃምሳ ሁለት ነበር፤ ያውም አርፋ። እኔ ነኝ የቀነስኩት። አራት ወር ስቀንስ ነበር፣ ዶክተር። የተጻፈውን አይመኑት።»

ባልየው የሰማውን የተጠራጠረ ይመስል ጆሮውን ጠረገ። ሲስተር ቀይ ፊታቸው አመድ ሆነ። «አንቺ?» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ?»

ሰፊዋ መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች ነበር። በዚህ መሃል ፀጉር ሠሪዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ሲስተር... እኔም የአማቴን እቀንስ ነበር።» ጥንዷ የባሏ እናት ናቸው፤ አጠገቧ ቆመዋል። «ምን ላድርግ? አግዳሚ ላይ አስቀምጫቸው አንድ ቤት እንገባ የለም እንዴ?»

«እስቲ ስሟት!» አሉ አማትየው ተቆጥተው። «እኔስ የአንቺን ስቀንስልሽ አልኖርኩም?»

መምህሩና ሹፌሩ ተያዩ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ «እኛ... እናካፍለው ነበር» አለ። «የእሱ ሲበዛ ከፊሉን ወደ እኔ እያዞርን።»

የቀሩት እንጨት ሠሪዎቹ ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው ወለሉን እያየ «እኛ እንኳ አልዋሸንም» አለ። ሲስተር ተስፋ አድርገው ቀና አሉ። «ቆጥረን አናውቅም። አፋችን ላይ የመጣውን ነው የምንለው።»

ሲስተር ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም፤ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ደብተሩን ያዩታል። አሥር ወር ሙሉ ሳያጓድሉ፣ በቀይና በሰማያዊ ብዕር፣ በማስመሪያ አስምረው የጻፉት ሁሉ ተረት ነበር። ወጣቱ ሐኪም ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየ «ሁላችሁም?» አለ። «አንድ እንኳ እውነተኛ የለም?»

ከሁሉ ቀድሞ ከድንጋጤው የወጣው ሐኪሙ ነው። ጋጋሪዋ ወደ ቤቷ አትሄድም አለ። ደረቷ ላይ ሽቦው እንዲመለስ፣ ሌሊቱንም ከመሣሪያው ጋር እንድታድር አዘዘ። ባልየው ሰፊዋን ዞር ብሎ ሳያያት ሊጡን ሊያነሣ ሄደ።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ ጋጋሪዋ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ለነርሷ ስለ እርሾ ስታስረዳ ሳለ፣ ልቧ በደቂቃ መቶ ዘጠና ይመታ ጀመር። መሣሪያው ጮኸ፤ ሐኪሙ ሮጦ ደረሰ፣ መርፌውንም በጊዜው ሰጣት። «ቤቷ ብትሆን ኖሮ ምድጃ ፊት ነበረች» አለ በማግስቱ ለሲስተር።

ሰፊዋ ወሬውን የሰማችው በማግስቱ ከሰዓት ለጥየቃ ስትመጣ ነው። ደስታና ፍርሃት ተቀላቅሎባት ወደ ክፍሉ ገባች። ጋጋሪዋ ግንባሯ በፋሻ ታስሮ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ የታጠበ ይመስላል፤ ዱቄት የሌለበትን ፊቷን ሰፊዋ አይታው አታውቅም።

«ተናገርሽ አሉ» አለች ጋጋሪዋ።

«ተናገርኩ፣ እትዬ። ይቅር በይኝ።»

«ደግ አደረግሽ።» ጋጋሪዋ እጇን ያዘቻት፤ ወዲያው ግን ለቀቀች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እኔ ነኝ እንጂ ያልተናገርኩ።»

«ምኑን?»

«ያንቺን።»

ሰፊዋ አልገባትም። «የኔም ይፈጥን ነበር እንዴ?»

«ቢፈጥንማ ምን ነበረበት! ያንቺን ስጨምርበት ነው የኖርኩት።» ጋጋሪዋ አሁንም መስኮቱን ታያለች። «የመጀመሪያ ቀን አርባ ሁለት ቆጠርኩ። ሌላው ሁሉ ዘጠና፣ መቶ ሲል ሰማሁና የተሳሳትኩ መሰለኝ። ያኔ ማንበብ አልችልም፤ ቁጥርም አታውቅም እንዳይሉኝ ብዬ ዘጠና አምስት አልኩ። በማግስቱም እንደዚያው። ልብሽ፣ አንቺ ልጅ፣ የስፌት መኪና ክር ሲዘል እንደሚያደርገው ነው፤ ሁለት ይመታል፣ አንድ ይዘላል። ኋላ ኋላ እንዳልተሳሳትኩ ገባኝ። ያኔ ደግሞ ሱቁን ልትከፍቺ ነው፣ ጥርስሽ ሁሉ ስቋል። እንዴት ብዬ ልናገር? ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ...»

ሰፊዋ የሰማችው ነገር ወደ ውስጧ የገባው በዝግታ ነው። ሃያኛው እርከን ላይ ዓይኗ ጭልም የሚልባት፣ ከመኪናው ስትነሣ ግድግዳ የምትይዘው፣ «እንቅልፍ አጥቼ ነው» እያለች የምታልፈው ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት። ትናንት ጓደኛዋን ልትገድል ነበር ብላ ስትብሰለሰል ነው ያደረችው። ለካ ጓደኛዋም በእሷ ላይ ያንኑ ስታደርግ ኖራለች፤ ያውም ከፍቅር ብዛት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ግን ለመቁጠር ደፍራ አይደለም። ከክፍሉም ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ሰዎቹ ሁሉ ሲስተርን ከበዋል። ሲስተር ቆመዋል፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል።

«በቃ» ይላሉ። «ከነገ ጀምሮ ሜዳው የለም። በእግሩ መሄድ የፈለገ በየደጁ ይሂድ፣ መሮጥ የፈለገ ለብቻው ይሩጥ። እኔ ያሰባሰብኳችሁ እርስ በርሳችሁ እንድትጠባበቁ ነበር፤ እናንተ ግን ተሸፋፈናችሁ። ሰው ሲሞት አላይም።»

ሹፌሩ ኮፍያውን በእጁ ያዞራል፣ አማትየው በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ።

ሰፊዋ ሰዎቹን አልፋ ሲስተር ፊት ቆመችና እጅጌዋን ሰበሰበች። «ሲስተር፣ ይቁጠሩኝ።»

«ምን?»

«ይቁጠሩኝ። እርስዎ።»

ሲስተር ፊቷን አዩና ሳይጠይቁ እጇን ያዙ። ሰዓታቸውን ተመለከቱ። ደቂቃዋ ረዘመች። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ከንፈራቸው በቆመ ቁጥር የሰዎቹ ትንፋሽም አብሮ ይቆማል። ደቂቃዋ አልቃ «በቃ» የሚል ጠፋ።

«ስንት ነው?» አለ መምህሩ በሹክሹክታ።

«አርባ አንድ» አሉ ሲስተር። አማትየው «ኡ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ሲስተር ወደ ሕዝቡ ዞሩ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አያችሁ? በዚህ ልብ ስልሳ አራት እርከን! ለዚህ ነው የምበትነው! ማን ነው ይህን የደበቀ?»

«እትዬ ናት» አለች ሰፊዋ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አላቆመችም። «ደበቀች፤ ግን ቆጥራ ነው የደበቀችው። አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ሳይ ስኖር እጄን የያዘ ሰው አልነበረም፣ ሲስተር። ያኔም ይዘል ነበር ይሆናል፤ ማን ያውቃል? አሁን ለብቻሽ ሂጂ ይሉኛል። ለብቻዬ ብሆንማ አንድ ቀን መኪናው ላይ ደፋ ብዬ ስገኝ፣ ሰፊዋ አንቀላፋች ነበር የሚሉት። እውነቱን የሚነግረኝ ቀርቶ የሚዋሽልኝስ ማን ነበረ?»

ሲስተር እጇን አልለቀቁም። ከዚያ ቦርሳቸውን ለሹፌሩ አሸክመው፣ ሰፊዋን እንደያዙ ወደ ሐኪሙ ክፍል ሄዱ። ኋላቸው መምህሩ ተከተለ፤ ፀጉር ሠሪዋ አማቷን ደግፋ ተከተለች፤ ወንድማማቾቹ እየሄዱ አንዱ የሌላውን እጅ አንጓ ሊይዝ ሲሞክር፣ የት እንደሚያዝ እንኳ ስለማያውቁት ይከራከራሉ።

ሐኪሙ በሩን ሲከፍት ስምንት ሰው ደጁን ሞልቶ አየና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ምንድን ነው? በሽተኛው የትኛው ነው?»

ሲስተር ሰፊዋን ወደ ፊት እየገፉ «ከዚህች ጀምር» አሉት። «የቀረነውን ገና አልቆጠርንም።»